ዳንቴሉን ከማጠንከራችሁ በፊት

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ስለ ጉንፋንም ስለ ክትባትም አይደለም፤ ስለ ዳንቴል ነው። ጠያቂዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። «ሲስተር፣ ትዳር ስይዝ እናቴ በኪሮሽ የሠራችልኝ የጠረጴዛ ዳንቴል አለኝ። ዙሪያውን ያለው ሽንሽን ድሮ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር፤ ታጥቦ ከወጣ በኋላ ግን ተኛ። እናቴ ጣቶቿን ቁርጥማት ስለያዛትና ዐይኗም ስለደከመ ሌላ ልትሠራልኝ አትችልም። ጎረቤቴ ‹የእንጨት ኮላ በውኃ በጥብጠሽ ንከሪው፣ እንደ ድንጋይ ይሆንልሻል› አለችኝ። ልንከረው?» ትላለች።

መልሱን አላቆይም፤ አትንከሪው፣ ልጄ። ጎረቤትሽ አልዋሸችሽም፤ እንደ ድንጋይ መሆኑን ይሆናል። ችግሩ እሱው ነው፤ ድንጋይ ከሆነ በኋላ ተመልሶ ክር አይሆንም። ሌላ ሊሠራ በማይችል ዳንቴል ላይ ደግሞ ሲፈለግ ታጥቦ የማይለቅ ነገር አይደረግም። የዛሬው ጽሑፌ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት የሚለው ነው።

«ይህ ደግሞ የነርስ ጉዳይ ነው ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። ነው። በእኛ ዘመን ነርስ ነጭ ቆብ ታደርግ ነበር፤ ያ ቆብ ደግሞ ሰፊ ጨርቅ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ስታርች ነው። ተማሪ ሳለን ስታርች ማብሰልና ቆብ ማጠፍ ከአልጋ አነጣጠፍ ጋር አብረን የተማርነው ሙያ ነበር። በሌላ በኩል ዳንቴል ማጠንከር የፈላ ውኃ፣ ስፒል፣ ኮላና አንዳንዴም በረኪና ያለበት ሥራ ነው። እነዚህ ሁሉ ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ ሲገኙ የእኔ ሙያ ይሆናሉ።

ዳንቴል ለምን ይተኛል?

የጥጥ ክር በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ ብቻውን አይቆምም። አዲስ ዳንቴል ቀጥ ብሎ ሲታይ ወይ ክሩ በደንብ የተገመደ ነው፣ ወይ የሠራችው ሴት ስታርች አስነክታዋለች። ሲታጠብ ስታርቹ ይለቃል፤ ክሩም ወደ ልስላሴው ይመለሳል። ስለዚህ ዳንቴላችሁ ታጥቦ ሲተኛ «ተበላሸ» አትበሉ። አልተበላሸም፤ የለበሰውን አውልቋል እንጂ።

ስታርች ማለት በበቆሎ፣ በድንች፣ በሩዝና በመሳሰሉት ውስጥ ያለ ነጭ ዱቄት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ቢበጠበጥ አይሟሟም፤ ጥቂት ቆይቶ ከሥር ይዘቅጣል። በፈላ ውኃ ሲበስል ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ውኃ ጠጥታ ታብጣለች፣ ትፈነዳለች፣ እንደ አጥሚትም ትወፍራለች። ይህ ወፍራም ፈሳሽ በክሩ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራና እያንዳንዱን የዳንቴል ዐይን ባለበት ያቆመዋል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ ስታርች የሚያስነኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ነጭ ኮላና የእንጨት ኮላ ግን ሌላ ናቸው። በውኃ ውስጥ በጣም ደቅቆ የተበተነ ፕላስቲክ ናቸው ማለት ይቻላል። ውኃው ሲተን ፕላስቲኩ ክሩን ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ብታጥቡት ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ዓመታት ሲያልፉ ወደ ቢጫነት ይሄዳል፤ አቧራው አብሮ ይጣበቃል፤ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። አዲስ ሠርታችሁ ለገና ዛፍ የምትሰቅሉት ትንሽ ኮከብ ከሆነ ኮላውን በእኩል ውኃ በጥብጣችሁ ብትነክሩት አልቃወምም፤ እሱ አይታጠብም፣ ቢበላሽም በሁለት ቀን ሌላ ይሠራል። የእናት እጅ ሥራ ግን እንደሱ አይደለም።

ስታርቹን እንዴት እናብስለው?

በየሱቁ የሚሸጠው የበቆሎ ስታርች ይበቃል፤ ለኬክና ለሾርባ ማወፈሪያ የምትገዙት ማለት ነው። መጠኑ እንደ ዳንቴሉ ይለያያል። ጠረጴዛ ወይም ሶፋ ላይ ተነጥፎ ለሚተኛ ዳንቴል ለግማሽ ሊትር ውኃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በቂ ነው። እንደ ጠያቂያችን ሽንሽኑ መቆም ላለበት ለዚያው ግማሽ ሊትር ውኃ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ አድርጉ።

ከውኃው ላይ ሩብ ያህሉን ቀዝቃዛውን ቀንሱና ስታርቹን እንዳይጓጉል በደንብ በጥብጡበት። የቀረውን ውኃ አፍሉ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና የተበጠበጠውን በቀስታ እየጨመራችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ። በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ነጭነቱን ትቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በስሏል። ነጭ እንደሆነ ካወጣችሁት ያልበሰለው ዱቄት ዳንቴሉ ላይ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይራገፋል። የጓጎለ ነገር ካለው በወንፊት አጥልሉት። ከዚያ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይቀዝቅዝ። የተረፈው ሳይውል ሳያድር ይደፋ፤ ቶሎ ይሸታል።

ቡላ ቤታችሁ ካለ እሱም ስታርች ነው፤ በስሎ ያጠነክራል። ቀለሙ ግን እንደ በቆሎው ስላልነጣ ለክሬም ቀለም ክር እንጂ ለነጭ አልመርጠውም። የሩዝ ቅቅል ውኃም ሳይጨውና ዘይት ሳይገባበት ከሆነ ለስስ ዳንቴል ያገለግላል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለጥጥ ክር ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚሠራበት የሹራብ ክር አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ አክሪሊክ ውኃ ስለማይጠጣ ስታርቹ ውስጡ አይገባም፤ የጋለ ካውያ ሲነካውም ሟሙቶ ይሞታል።

ቅርጹን የሚሰጠው ስታርቹ አይደለም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ስታርቹ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ዳንቴሉን እንዳገኘው ማድረቅ ነው። ተጨማዶ ካገኘው ተጨማዶ፣ ጠርዙ ተጣሞ ካገኘው ተጣሞ ያደርቀዋል። ቅርጽ የሚሰጠው እርጥብ ሳለ የሚነካው የሰው እጅ ነው።

መጀመሪያ ዳንቴሉን ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ አትሹት፣ አትጠምዝዙት፣ እየጫናችሁ ልቀቁት። ሳሙናው ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ የቀረ ሳሙና ካውያ ሲነካው ይበልዛል። ከዚያ እርጥበቱ ሳይለቀው ስታርቹ ውስጥ ንከሩት፤ ደረቅ ክር ስታርቹን አንዱ ጋ አብዝቶ ሌላው ጋ አሳንሶ ይጠጣል። ቀስ አድርጋችሁ ጭመቁትና በሁለት ፎጣ መሃል አድርጋችሁ ተጫኑት። ዐይኖቹ ውስጥ የተንጠለጠለ ስታርች ካለ በፎጣ ጫፍ አንሡለት።

ካርቶን ላይ ወፈር ያለ ፎጣ፣ ፎጣው ላይ ደግሞ ንጹሕ ፕላስቲክ አንጥፉ። ዳንቴሉን ከመሃሉ ጀምራችሁ ወደ ውጪ ዘርጉት። መጀመሪያ አራት ቦታ፣ ከዚያ በየመሃሉ ስፒል እየሰካችሁ አስተካክሉት። ስፒሉ የማይዝግ ይሁን፤ ዝገት ጥጥ ላይ ከያዘ አይለቅም። ለሽንሽኑ ከንጹሕ ወረቀት ጣት የሚያክሉ ጥቅልሎች ሠርታችሁ፣ በስስ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ በእያንዳንዱ እጥፋት ሥር አስገቡ። ጋዜጣ ግን አይሁን፤ ይህንኑ ጋዜጣ ቢሆን እንኳ ቀለሙ እርጥብ ክር ላይ ይለቃል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሥራ አውሉት።

እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ የሚቆም ከሆነ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጣችሁ በፌስታል ሸፍኑና ላዩ ላይ አልብሱት። ፊኛ ነፍተው የሚያደርቁበትም አሉ። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን አልመክርም፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ የሕፃን ጉሮሮ ከሚዘጉ አደገኛ ነገሮች አንዱ ነው።

ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይደር፤ በክረምት ሁለት ቀን ስጡት። ሳይደርቅ ካነሣችሁት ይተኛል። ጠፍጣፋውን ግን ጥቂት እርጥበት እያለው በጀርባው በኩል ስስ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ በመጠነኛ ሙቀት መተኮስ ይቻላል። ሽንሽን አይተኮስም።

የስኳሩ ነገር

«እናቴ በስኳር ነበር የምታደርቀው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ ስኳር ከስታርች የበለጠ ያጠነክራል፤ ሲፈለግም በለብታ ውኃ ይለቃል። አሠራሩ ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውኃ እሳት ላይ አሟሙቶ፣ ጥርት ሲል አውጥቶ፣ ሲቀዘቅዝ መንከር ነው። ሆኖም ሦስት ነገር አስቡ። ጉንዳንና በረሮ ይጠራል። በክረምት ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ይለሰልሳል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የፈላ ስኳር ከፈላ ውኃ ይከፋል፤ ሙቀቱ ከፍ ያለ ነው፤ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅም እንደ ውኃ ወርዶ አይሄድም። ልጆች ወጥ ቤት ውስጥ በሚሯሯጡበት ሰዓት ይህን ሥራ አትጀምሩት። የድስቱን እጀታ ወደ ግድግዳው አዙሩት።

ድንገት ልጅ ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ቶሎ ብላችሁ በሚወርድ የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ያዙት። ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን እንጂ በረዶ አይሁን። የቀረው ገላው እንዳይበርደው ሸፈን አድርጉት። የእጅ አምባር፣ ቀለበት ወይም ቆዳ ላይ ያልተጣበቀ ልብስ ካለ አውልቁ፤ የተጣበቀውን አትላጡ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሊጥ አታድርጉ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት አካባቢ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን ከሆነ፣ ትንሽ ቢመስልም ሳይታይ አይደር።

ስፒሉን ቁጠሩት

ቀዶ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ጋውዙም መሣሪያውም ይቆጠራል፤ የጎደለ ካለ ሳይገኝ አይዘጋም። ዳንቴል ስትወጥሩም ይህን ልማድ ያዙ። 40 ስፒል ከሰካችሁ 40 ስፒል ንቀሉ፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ገና የሚድህ ልጅ እኛ ያላየነውን ወለል ላይ ያገኛል፤ ያገኘውንም ወደ አፉ ይወስዳል። ስፒል ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ እንጀራ በማጉረስ ወይም በማስታወክ ጊዜ አታጥፉ፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

የቆየ ዳንቴል ቢጫ ሲሆን እጃችን ወደ በረኪና ይሄዳል። በረኪና ጥጥን ያሳሳል፤ ያረጀ ክር ሊበጠስበት ይችላል። ደጋግሞ ማጠብና እርጥቡን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሻላል፤ ታጋሽ ሥራ ነው እንጂ ያነጣል። በረኪናን ከሎሚ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አታቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። በረኪናም ሆነ የተበጠበጠ ኮላ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ልጅ የሚያውቀው ጠርሙሱን ነው።

ለሕፃን የሚለበስ ነገር፣ ማለትም ቆብም ሆነ የአንገት ጠርዝ ወይም ካልሲ፣ ፈጽሞ አይጠንክር። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ የደረቀ ክር ይፍቀዋል። የሕፃን ካልሲ ውስጡ ተገልብጦ ይታይ፤ የተንጠለጠለ ክር ጣቱ ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊከለክል ይችላል።

ስለ ስታርች ካነሣሁ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በቤታችሁ ያለች ነፍሰ ጡር ወይም ልጅ ጥሬ ስታርች፣ አፈር፣ ጠመኔ ወይም ከሰል የመብላት አምሮት ካደረባቸው አትቆጧቸው፣ አትሳቁባቸውም። እንዲህ ያለ አምሮት ብዙ ጊዜ ከአይረን ማነስና ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይታያል። ጤና ጣቢያ ሄደው ደማቸውን ይታዩ።

ስታስቀምጡት ደግሞ አለስልሱት

ለወራት ሣጥን ውስጥ የሚገባ ዳንቴል ከነስታርቹ አይቀመጥ። ስታርች ነፍሳት ይወዱታል፤ የደረቀ ዳንቴል ሲታጠፍም ክሩ በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል። አጥባችሁ፣ ስታርቹን አስለቅቃችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሲፈለግ በአንድ ቀን እንደገና ይቆማል። ታጥቦ የሚለቅ ነገር የመረጥነው ለዚህ ነው፤ ኮላ የጠጣ ዳንቴል ይህ ዕድል የለውም።

ዳንቴል የሚለው ቃል ራሱ የፈረንሳይኛ ነው፤ መነሻው ትንሽ ጥርስ ማለት ነው፤ በጠርዙ ላይ ለሚታዩት ጥርሶች። ኪሮሽም እንዲሁ የፈረንሳይኛ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ድንች በበሽታ ጠፍቶ ረኀብ ሲገባ፣ ብዙ ሴቶች ቤተሰባቸውን ያተረፉት በኪሮሽ የሠሩትን ዳንቴል ሸጠው ነው። እኛም ጋ በኪሮሽ ደብተርና ዩኒፎርም የገዙ እናቶች አሉ። ሶፋ ላይ የተነጠፈውን እያየን የምናልፈው ዳንቴል የብዙ ሌሊት ሥራ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ስታርቹን ከማብሰልሽ በፊት እናትሽን ጥሪያቸው። ጣታቸው ኪሮሽ መያዝ ቢያቅተው ሽንሽኑ የት ላይ እንደሚነሣና የት ላይ እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ ያን ደግሞ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። አጠገብሽ ወንበር ስጫቸው፤ እሳቸው ያሳዩ፣ አንቺ ስፒሉን ስኪ፣ ትምህርት የጀመረው ልጅሽ ደግሞ ይቁጠር። ዳንቴሉ ገና ለስላሳ ሳለ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ የስንት ዐይን ጅምር እንዳለው፣ እያንዳንዱ ዙር እንዴት እንደተሠራ ጠይቂያቸውና ጻፊው። ለቁርጥማቱ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እጃቸውን ጥቂት ማቆየት ያፍታታቸዋል። ዐይናቸውን ግን «እርጅና ነው» ብለሽ አትተዪው፤ ሞራ ሊሆን ይችላል፣ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የዐይን ክፍል ይዘሻቸው ሂጂ።

ኮላውን ለጎረቤትሽ ከምስጋና ጋር መልሺላት፤ የተላቀቀ የወንበር እግር ታጣብቅበታለች።

ሳምንት ሰው ይበለን። ሰላም ሰንብቱ።